ጅብ ሳይሄድ እንናገር



«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። ውሻው ዘግይቶ ጮኸ። ጅቡ ሄዷል፤ በጉም ተበልቷል። ጩኸት የሚጠቅመው ጅቡ ገና በደጅ ሳለ ነው።

መንግሥት ሕግና ዕቅድ ሲያወጣም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ሕዝብ ሐሳቡን በጊዜው ከተናገረ ዕቅዱ ይቃናል። ካለቀ በኋላ ቢጮህ ግን ገንዘብም ጊዜም ይባክናል። አንዳንዴ ሕይወትም ይጠፋል። ዛሬ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ጎርፍና ስለ አየር ንብረት እንነጋገራለን። ተሰብስበን ለመንግሥት አስተያየት የምንሰጥበትንም መንገድ እናያለን።

ቆሻሻና የአየር ንብረት ምን አገናኛቸው?

«የአየር ንብረት ለውጥ» ሲባል አንዳንዱ ሰው «ይህ የሊቃውንት ነገር ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?» ይላል። ነገሩ ግን ከጓዳችን ይጀምራል።

ከመኪና፣ ከፋብሪካና ከቆሻሻ የሚወጡ ጋዞች አሉ። እነዚህ ጋዞች ምድርን እንደ ጋቢ ደራርበው ይሸፍኗታል። ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ምድር ስትሞቅ ዝናቡ ይዛባል። አንዱ ቦታ ይደርቃል፤ ሌላው ቦታ በአንድ ቀን ብዙ ዝናብ ይወርድበታል።

የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተበላሸ ምግብ፣ የጫት ገረባ በአንድ ላይ ተከምሮ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሜቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሜቴን ሙቀትን በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ የቦሌና የአያት ቆሻሻ የት ይጣላል? እንዴት ይያዛል? ብሎ መጠየቅ ስለ አየር ንብረት መጠየቅ ነው።

ከሰንዳፋ ምን እንማር?

ከመገናኛ ተነሥቶ በሲ.ኤም.ሲ.፣ በአያት፣ በለገጣፎ አድርጎ የሚሄደው መንገድ ሰንዳፋ ያደርሳል። የሰንዳፋ ከተማ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተጣለው በሌላው የከተማው ጫፍ፣ ቆሼ በሚባለው ቦታ ነው። ቆሼ ሞላ፤ ተራራ ሆነ። ስለዚህ በሰንዳፋ አካባቢ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠራ። የፈረንሳይ መንግሥትም በገንዘብ ረዳ። ቦታው በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ከመከመር በጥናት የተሠራ ቦታ ይሻላል።

ግን ጥቂት ወራት እንኳ በሰላም አልሠራም። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች አቤት አሉ። «ሽታው ጤና ነሳን፤ ፍሳሹ ውኃችንን በከለው፤ ከብቶቻችን ሞቱብን፤ አስቀድሞም በቅጡ አልተነገረንም» አሉ። በዚያው ዓመት ክረምት የቆሻሻ መኪናዎች ወደ ሰንዳፋ መሄዳቸው ቆመ። አዲስ አበባ ውስጥ ቆሻሻው በየመንገዱ ተከመረ። በመጨረሻም ወደ ቆሼ ተመለሰ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሼ ክምር ተናደ። ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው በሚኖሩ ሰዎች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሩ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ።

አደጋው በሰንዳፋ መዘጋት ብቻ መጣ አንልም። ክምሩ የብዙ ዓመት ክምር ነው። ነገር ግን አንድ ትምህርት አለበት። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ በጎረቤቱ ሕዝብ ዘንድ ካልታመነበት አይቆምም። ገበሬው የተናገረው መኪናው ከደረሰ በኋላ ነው። መጠየቅና መስማት የነበረበት ግን መሬቱ ሳይቆፈር በፊት ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

አስተያየት መስጠት ልመና አይደለም፤ መብት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በአካባቢ ጥበቃ ዕቅድና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል። ፖሊሲ ማለት መንግሥት አንድን ሥራ ወደፊት እንዴት እንደሚመራ የሚያወጣው መመሪያ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ወጡ። አዋጅ ቁጥር 299 ትልልቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት የሚያመጡት ጉዳት እንዲጠና፣ ጥናቱም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብ ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ አካባቢን የሚበክልን ሰው ማንም ሊከስ እንደሚችል ገለጸ። «አንተን ምን አገባህ?» አይባልም። አቤቱታው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንዲቻል ተደነገገ።

በእኛ ሰፈር ጉዳይ አለን?

አለን እንጂ! ከእንጦጦ የሚወርደው የቀበና ወንዝ በቦሌ በኩል አልፎ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል። እኛ የጣልነው ፌስታል አብሮት ይሄዳል። የአቃቂ ገበሬ በወንዙ አትክልት ያጠጣል። ጎመኑም ተመልሶ ወደ እኛ ገበያ ይመጣል። ቱቦ ውስጥ የቀረው ፌስታል ደግሞ ክረምት ሲገባ የጎርፉን መንገድ ይዘጋል። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወረደው ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቷል።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። የከተማው አስተዳደርም ወንዝን መበከል የሚያስቀጣ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት ከጳጉሜን 3 እስከ 5 የአፍሪካ መሪዎች ስለ አየር ንብረት በአዲስ አበባ መከሩ። የመከሩበትም አዳራሽ እዚሁ በምሥራቅ በኩል በሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ ነው። መሪዎች በአዳራሽ ይመክራሉ። እኛስ? የእኛ መምከሪያ እድር ነው፤ የነዋሪዎች ማኅበር ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ገርጂ ውስጥ አንድ እድር ተሰብስቧል እንበል። ጉልት የሚቸረችሩ አንዲት እናት ተነሡ።

«ፌስታል ቢቀር እኔም ደስ ይለኛል፤ ቱቦውን ዘግቶ ቤቴን ውኃ ያስገባብኝ እሱ ነው። ግን ሽንኩርቱን በምን ልስጥ?» አሉ።

«ዘንቢል ይዞ መምጣት ነዋ እትዬ!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ከሥራ ውሎ ከታክሲ የወረደ ሰው ዘንቢል ከየት ያመጣል ጋሼ? ርካሽ የጨርቅ ከረጢት ቢኖር እኮ ይገዛ ነበር። መስፋትስ ያቅተናል?»

የእድሩ ዳኛ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። እዚህ ተናግረነው ብቻ አይቅር። ጸሐፊ፣ ያዝ!» አሉ።

ያቺ እናት ሕጉን አልተቃወሙም፤ ሕጉ እንዴት እንደሚሠራ ተናገሩ እንጂ። እንዲህ ያለውን ነገር ቢሮ የተቀመጠ ሰው ላያውቀው ይችላል። ጉልት የተቀመጠ ግን ያውቀዋል።

እንዴት እንጻፍ?

ደብዳቤው አጭርና ግልጽ ይሁን። እንደዚህ፦

ቀን፦ ............
ለ............ ወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ ስለ ፌስታል መከልከል አስተያየት ስለ ማቅረብ

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሚገኘው የእድር አባላት ፌስታል መከልከሉን እንደግፋለን። በሰፈራችን ያለው የጎርፍ ቱቦ በፌስታል እየተዘጋ ባለፈው ክረምት ሰባት ቤቶች ውኃ ገብቶባቸዋል። ስለዚህ፦
1ኛ/ ቱቦው ከሰኔ በፊት እንዲጠረግ፤
2ኛ/ የጨርቅ ከረጢት ለሚሰፉ የሰፈራችን ሴቶች የመሥሪያና የመሸጫ ቦታ እንዲፈቀድ፤
3ኛ/ የምግብ ትራፊ ለብቻ ተሰብስቦ ማዳበሪያ እንዲሆን እንጠይቃለን።
ለጠረጋው ጉልበት እናዋጣለን። መልሱን በጽሑፍ እንድትሰጡን እናሳስባለን።
ከሠላምታ ጋር

በደብዳቤው ውስጥ ምን አለ? የምንደግፈው አለ። ያየነው ነገር ከቦታውና ከቁጥሩ ጋር አለ። የምንጠይቀው አለ። የምናዋጣውም አለ። ስድብ የለበትም። ያላየነውን አንጽፍም፤ ሰባት ቤት ከሆነ ሰባት እንላለን እንጂ መቶ አንልም።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይጻፍ። አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ። በሁለተኛው ላይ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር አስመትተን እኛ ጋ እናስቀምጥ። ነገ «አልደረሰንም» ቢባል ማስረጃችን እሱ ነው። ግልባጩ ለክፍለ ከተማውና ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይላክ። መልስ ከዘገየ ቁጥሩን ይዘን ሁለት ሦስት ሆነን እንጠይቅ። ወረዳው ለውይይት ሲጠራም እንሂድ፤ ሐሳባችንን በወረቀት ይዘን እንሂድ።

አንድ ደብዳቤ ሁሉን ነገር አይፈታም። አንድ ሰው ብቻውን ቢጽፍ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል። አርባ ሰው የፈረመበትን ግን መርሳት ይከብዳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» መባሉ ለዚህ ነው።

ውድ አንባቢ! ትናንት ወረቀት ሲቀርብልህ አውራ ጣትህን ቀለም ነክረህ ታትም ነበር። ምን እንደተጻፈበትም አታውቅም ነበር። አንቺም እህቴ እንደዚሁ። ዛሬ ግን ይህን ጽሑፍ እስከዚህ አንብበሃል፤ አንብበሻል። እንግዲያው የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ደብዳቤው ይነበብ። ከዚያም ስማችንን በገዛ እጃችን እንጻፍበት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሰንዳፋ ገበሬዎች ቅሬታ ምን ነበር? መጠየቅ የነበረባቸው መቼ ነው?
2. የምግብ ትራፊ ሲከመርና ሲበሰብስ ምን ጋዝ ይወጣዋል?
3. ደብዳቤ ለምን በሁለት ቅጂ ይጻፋል?
4. በሰፈራችሁ ስለ ቆሻሻ ወይም ስለ ጎርፍ ያያችሁትን አንድ ነገር በአምስት መሥመር ጻፉ። ለጎረቤታችሁም አንብቡለት።