የትራፊክ መጨናነቅና የነዳጅ ወጪ በአዲስ አበባ

ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ፣ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ታስገባለች። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲቀነስ በመደረጉ፣ በመገናኛና በሜክሲኮ አካባቢ በመጨናነቅ የሚባክነው ሊትር በመሥሪያ ቤቶች በጀት ላይ ይበልጥ ይከብዳል።

ሞተሩ ያልጠፋ መኪና ቆሞም ነዳጅ ያቃጥላል። ደጋግሞ መቆምና መነሣት ደግሞ ፍጆታውን ከፍ ያደርገዋል፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የጠፋውን ፍጥነት ለመመለስ ተጨማሪ ነዳጅ ያስፈልጋልና።

ስለሆነም የተሽከርካሪዎችን ፍጆታ በኪሎ ሜትር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል፤ በከተማው መካከል የሚመላለስ አሽከርካሪ ያለጥፋቱ ሊጠረጠር ይችላል። የነዳጅ መቆጣጠሪያ መዝገቡ የጉዞውን መስመርና ሰዓት አብሮ ቢይዝ፣ ብክነትን ከመጨናነቅ ለመለየት ይረዳል። ጉዞዎችን ማቀናጀትና ከሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጪ ማድረግም ወጪውን ይቀንሳል።