የተጎሳቆለ ፈረስ ወይም አህያ ሲያዩ

በመተማዋ ገንዳ ውሃ ከተማ ውሃው፣ ማገዶው፣ ሲሚንቶው፣ የሰሊጡ ኩንታል በጋሪ ይጓጓዛል። ጋሪውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎትተው አህያ ነው። ፈረስ የደጋ እንስሳ ስለሆነ በመተማ ቆላ ብዙ አይታይም። ይህ ማብራሪያ ግን ለሁለቱም ይሆናል። ልዩነት ባለበት ቦታ ለይቼ እነግርዎታለሁ።

የብዙ ሰው ጥያቄ የሚጀምረው ከክሳት ነው። ከሲታ እንስሳ ሁሉ ጌታው ያስራበው ነው? አይደለም። ያረጀ ፈረስ ጥርሱ ስለሚያልቅ ድርቆሹን አላምጦ አላምጦ መሬት ላይ ይጥለዋል። የሆድ ትል ያለበትም ይከሳል። በቆላ ደግሞ ተናካሽ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ አለ። ገንዲ የደም በሽታ ነው፤ እንስሳው እየበላ ይመነምናል። በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጀምር ሣሩ አልቆ መሬቱ ሲራቆት፣ የደህና ባለቤት አህያም ትንሽ ይከሳል። ስለዚህ በክሳት ብቻ አይፍረዱ።

ክሳቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ከዓይን ይልቅ እጅ ይሻላል። ባለቤቱን ያስፈቅዱና መዳፍዎን በጎድኑ ላይ ያሳልፉ። ጤነኛ እንስሳ ጎድኑ ሲዳሰስ ይታወቃል፣ ከሩቅ ግን አይቆጠርም። ከሩቅ የሚቆጠር ከሆነ፣ የዳሌው አጥንት ከሾለ፣ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ ከጎደጎደ፣ ክሳቱ የቆየ ነው። የሆድ መንፋት አያታልልዎ። ገለባ ብቻ የሚበላ ወይም ትል የበዛበት እንስሳ ሆዱ ተነፍቶ ጀርባው አጥንት ይሆናል። አህያ ደግሞ ስቡን አንገቱ ላይ ያከማቻል። በደህናው ጊዜ የያዘው የአንገት ስብ ሌላው አካሉ ከመነመነም በኋላ ይቆያል። አንገቱን ብቻ አይቶ «ወፍራም ነው» ማለት አይበቃም።

ውሃ መጠማቱስ እንዴት ይታወቃል? የአንገቱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይልቀቁት። ወዲያው ከተመለሰ ደህና ነው። ከሁለት ሰከንድ በላይ ተጨማዶ ከቆየ ውሃ አጥሮታል። የላይኛውን ከንፈር ገለጥ አድርገው ድዱን በጣት ይጫኑት። ነጭ የሆነው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ድዱ እርጥብ ካልሆነና ጣትዎ ላይ የሚጣበቅ ከሆነም ጥማት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ የሚሠራ ፈረስ በቀን ከ40 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል። አህያ ጥማትን ይችላል፤ እሱም ቢሆን በቀን 20 ሊትር ገደማ ሊፈልግ ይችላል። ማለትም አንድ ጀሪካን ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ውሃ በበርሜል ሲያመላልስ ውሎ የራሱን አንድ ጀሪካን የሚያጣ አህያ ካለ፣ በእኔ ግምት ችግሩ የገንዘብ አይደለም። የትኩረት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምልክት እንምጣ። ገጣባ ነው። ገጣባ ማለት ጭነት፣ ኮርቻ ወይም ገመድ እየፈተገ የሚያወጣው የጀርባ ቁስል ነው። በእኔ አስተያየት ከክሳትም ከኮቴም ይልቅ ስለ አያያዝ የሚናገረው ይህ ነው። በአንድ ቀን አይመጣምና። መጀመሪያ ፀጉሩ ይረግፋል። ቀጥሎ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል። ከዚያ ይላጣል፣ ይቆስላል፣ ዝንብ ይወረዋል፣ ትል ይገባበታል። በእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች እንስሳው በየጧቱ ተጭኗል ማለት ነው። ቁስሉ ሲድን በቦታው ነጭ ፀጉር ይበቅላል። ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ የበዛበትን አህያ ሲያዩ፣ የሚያዩት የድሮ ገጣባ ታሪክ ነው።

ገጣባ ለምን ይወጣል? አንደኛው ምክንያት መደላድሉ ነው። ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ ስስ መደላድል ላብ አይመጥም፣ ይንሸራተታል፣ አከርካሪውን ይጫናል። መደላድል በአከርካሪው ግራና ቀኝ ወፈር ማለት፣ መሐሉ ላይ ግን ክፍት መሆን አለበት። አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም የጥጥ ጨርቅ ከጆንያ ይሻላል። ሁለተኛው ገመዱ ነው። ቀጭን የናይለን ገመድ በላብ ሲርስ ቆዳ ይቆርጣል። በሆዱ ሥርና በጭራው ሥር የሚያልፈው ማሰሪያ ሰፊ ይሁን፤ አሮጌ ጨርቅ ቢጠቀለልበትም ይበቃል። ሦስተኛው የጋሪው ሚዛን ነው። ጭነቱ ወደፊት ካጋደለ ክብደቱ ጀርባው ላይ ያርፋል። ወደኋላ ካጋደለ ደግሞ የጋሪው እንጨቶች ወደላይ ተነሥተው የሆዱን ማሰሪያ ያንቁታል። ሚዛኑ የተስተካከለ ጋሪ እንጨቶቹን ሰው በአንድ እጁ ከፍ ዝቅ ሊያደርጋቸው ይችላል። ጎማው ከተነፈሰም ያው ጭነት እጥፍ ድርብ ይከብዳል። ጎማ ማስነፋት የእንስሳ ሕክምና ነው ብል አይሳቁብኝ።

ከዚያ ክብደቱ አለ። የእኛ አገር አህያ ከ100 እስከ 130 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በጀርባው ሊሸከም የሚገባው የክብደቱን ሲሶ ያህል፣ ማለትም ከ33 እስከ 43 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኩንታል ሰሊጥ 100 ኪሎ ነው። ጋሪ ክብደቱን መንኮራኩር ላይ ስለሚያሳርፈው ሜዳና ደረቅ መንገድ ላይ ከዚህ በላይ መጎተት ይቻላል። በክረምቱ መረሬ ጭቃ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሲሞላ ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ይመዝናል።

ገጣባ ሲወጣ ምን ይደረጋል? ሥራ ማቆም ነው፤ ከዚህ የሚቀድም መድኃኒት የለም። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተው አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩበትና ይቀዝቅዝ። በዚህ ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ ይጠቡት። ዝንብ እንዳያርፍበት ጥላና ጭስ ባለበት ቦታ ይታሰር። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ ውሃ፣ አመድ፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ እነዚህ ሁሉ ደህናውን ሥጋ ገድለው ቁስሉን ያሰፋሉ። ትል ከገባበት፣ ከሸተተ ወይም አጥንት ከታየ ሐኪም ያስፈልጋል።

የተቀሩትን ምልክቶች ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው። ኮቴው ረዝሞ ወደላይ ከታጠፈ ለወራት አልተሞረደም ማለት ነው፤ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ መታየት ነበረበት። አንድ የኋላ እግሩን ዘና አድርጎ ማቆሙ ዕረፍት ነው፣ አያሳስብም። የፊት እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ከቆመ ግን ያመዋል። በተጠፈረበት ቦታ እግሩ ዙሪያውን የተላጠ ከሆነ ማሰሪያው ይለወጥ። አህያ ሕመሙን ይደብቃል። ጆሮውን ጥሎ ጥግ ይዞ ዝም ያለ አህያ «ጨዋ» ተብሎ ይታለፋል፣ ታሞ ሊሆን ግን ይችላል። አንድ ቀን ሙሉ መኖ እምቢ ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። አህያ መብላት ሲያቆም ስቡ ወደ ደሙ ስለሚገባ ጉበቱን ይጎዳል፣ በጥቂት ቀንም ይገድላል።

ጌታው ያልበደለው ሕመምም አለ። ከደጋ የወረደ ፈረስ በድንገት ትኩሳት ይዞት ከዓይኑ በላይ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረውና ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ፣ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። የሚያስተላልፉት ከመሸ በኋላ የሚናከሱ ደቃቅ ነፍሳት ናቸው። አህያን እምብዛም አይጎዳም፣ ፈረስን ግን በቀናት ውስጥ ይገድላል። መከላከያው ማታ ቤት ማስገባትና ክትባት ነው። ክትባቱ አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩ የተለወጠ እንስሳ ካዩ ደግሞ እጅዎን ወደ አፉ አይስደዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ፈረስና አህያንም ይይዛል። ለሃጩ ከነካዎት ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

መንገድ ላይ የተጎሳቆለ እንስሳ ቢያዩ ምን ይላሉ? መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ጋሪውን የሚነዳው ልጅ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም፤ ማታ የቀኑን ሂሳብ የሚያስረክብ ነው። ሰው ፊት ቢሰድቡት ጅራፉን ይዞ ይሄዳል፣ ነገ በሌላ መንገድ ያልፋል። «እንዴት ዋልክ ወንድሜ፣ ጀርባውን ምን አገኘው?» ቢሉት ይነግርዎታል። ባልዲ ውሃ ይዘው ቢቀርቡ ደግሞ ወሬው ይቀላል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይጠይቁና በዕድሜ የሚከበር ሰው ይዘው ቤቱ ይሂዱ። እሺ ካላለ ወይም እንስሳው ከወደቀ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይንገሩ።

በሙቀት የወደቀውን ከጋሪው ፈትተው ወደ ጥላ ይውሰዱት። መላ አካሉ ላይ ሳያቋርጡ ውሃ ያፍስሱ። ያላበው እንስሳ ውሃ ከጠጣ ይሞታል የሚባለውን አይስሙ፤ ይጠጣ።

የተራበውን ማብላት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለወራት የተራበ ፈረስ በአንድ ጊዜ ብዙ ማሽላ ወይም ፉርሽካ ቢሰጡት፣ በሰውነቱ ያለው የማዕድን ሚዛን ተናግቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልቡ ሊቆም ይችላል። አዝነው ያበሉት ሰዎች ይገድሉታል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ድርቆሽ ብቻ፣ ጥቂት ጥቂቱን፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይስጡት። መጠኑን በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ያሳድጉ። ፉርሽካና ፋጉሎ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ወጪውስ? ጨው፣ አሮጌ ብርድ ልብስና ጨርቅ ቤት ውስጥ ይገኛሉ። ከባዱ ወጪ ሥራ የሚፈታበት ጊዜ ነው። ገና ፀጉሩ ረግፎ ቆዳው የቀላ ጀርባ በጥቂት ቀን ዕረፍት ይመለሳል። ተልጦ የቆሰለው ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ትል የገባበት ወራት ይወስዳል። የቀን ገቢዎን በእነዚህ ቀናት ቁጥር ያባዙት፤ የትኛው እንደሚረክስ ራስዎ ያዩታል። የገንዲ መድኃኒትን ግን ለመቆጠብ ብለው ከገበያ ገዝተው አይውጉ። መጠኑ በክብደት ይለካል፣ ለከብት የሚሰጠው መጠንም ፈረስና አህያን ሊገድል ይችላል። አህያን መተካትም ቀላል አይደለም። ቆዳው ቻይና ውስጥ ለባህል መድኃኒት ስለሚፈለግ በብዙ የአፍሪካ አገሮች አህያ እየታረደ ተመናምኗል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ እንዲታገድ የወሰኑት ለዚህ ነው።

ፈረስ በአገራችን ክብር አለው። መተማ ላይ በ1881 ዓ.ም. የወደቁት አጤ ዮሐንስ አራተኛ በፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ይባሉ ነበር። በአዊ ዞን፣ እንጅባራ ላይ፣ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሳቸውን ሸልመው ያከብራሉ። ፈረስ ክብር ባላጣበት ክልል ለጋሪው እንስሳ ግን ከዚህ ክብር የደረሰው የለም።

እርስዎ ባለጋሪ ካልሆኑም ከጭነቱ ውጭ አይደሉም። ዕቃ ለማስጫን ዋጋ ሲነጋገሩ ጀርባውን ይዩ። የቆሰለውን ትተው ደህናውን ይጥሩ። ኩንታሉ ከበዛ «በሁለት ምልልስ ይሂድ» ይበሉ፤ የሁለተኛውንም ምልልስ ሂሳብ ይክፈሉ።