ስለ በረሃ እባብ አያያዝና ስለ እርጥበት ልክ

እግዚአብሔር ለፈጠረው እንስሳ ሁሉ ለኑሮው የሚስማማ ስፍራና አየር ተመድቦለታል፤ ሰው ከዚያ ስፍራ ለይቶ በቤቱ ሊያኖረው የወደደ እንደ ሆነ ግን ያንኑ አየር መርምሮ የማዘጋጀት ዕዳ በራሱ ላይ ይወድቃል። ዛሬ ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቤተ ሰቦች እባብን እንደ ድመትና እንደ ወፍ በቤታቸው የሚያሳድጉ መሆናቸው ነው። በአገራችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ስለሚባል ነገሩ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከነዚህ እባቦች አንዱ በገዛ ቆላችን የሚገኝ ስለ ሆነ፥ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸው ግዙልን ያሏቸው እንደ ሆነ፥ ጠባዩን ማወቅ የተገባ ነው።

ይህ እባብ የኬንያ የአሸዋ ቦአ ይባላል። ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1758 ዓመት ስም አውጥቶ በመጽሐፉ ጽፎታል። መኖሪያውም ከግብፅ ጀምሮ በሱዳን፥ በኢትዮጵያ፥ በሶማሊያና በኬንያ እስከ ታንዛንያ ድረስ ባለው ደረቅ ምድር ነው። መርዝ የለውም፤ አይጥን ተጠምጥሞባት አንቆ ይገድላታል እንጂ። ሴቲቱ ከወንዱ ትበልጣለች፤ ልጆቿንም በእንቍላል ሳይሆን ሕያዋን አድርጋ ትወልዳለች።

ብዙ ሰዎች በዚህ እባብ አያያዝ በሁለት ወገን ይሳሳታሉ። አንዳንዱ እንስሳው ይጠማል ብሎ በማዘን ሣጥኑን ዘወትር በውሃ ይረጫል፤ ሌላው ደግሞ የበረሃ ፍጥረት ነውና እርጥበት አያሻውም ብሎ ፈጽሞ ያደርቀዋል። አንዱ በርኅራኄ፥ አንዱ በቸልታ፥ ሁለቱም እንስሳውን ወደ ሞት ያቀርቡታል። የበረሃ ምድር ከላይ ፀሐይ ያነደደው ቢሆንም፥ ከአሸዋው በታችና በአይጥ ጕድጓድ ውስጥ ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ እባቡም በዚያ ሲሸሸግ የሰውነቱ ውሃ ቶሎ አያልቅበትም። እንግዲህ የነገሩ ሥር ይህ ነው፤ ቤቱ በጠቅላላው ደረቅ ይሁን፥ እንደሚያስፈልገውም ጊዜ አንዲት እርጥብ ማእዘን ትዘጋጅለት።

እርጥበት ሲበዛ፥ ይልቁንም ከብርድ ጋራ ሲተባበር፥ የእባቡ ሳንባ ይታመማል፤ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፥ ከአፍንጫውም አረፋ ይወጣል። የሆዱ ቅርፊት ይቀላል፥ ውሃ ይቋጥራል፥ ይቈስላል። እርጥበት ሲያንስ ደግሞ አሮጌው ቆዳ እየተቈራረጠ በገላው ላይ ይቀራል። እባብ የሚከደን የዐይን ቆብ ስለሌለው ዐይኑን የሚጠብቀው እንደ መስተዋት የጠራ ቅርፊት ነው፤ ይህም ከቆዳው ጋራ ሳይወልቅ የቀረ እንደ ሆነ ዐይኑን ይጋርደዋል። በጅራቱ ጫፍ የቀረውም እንደ ክር አጥብቆ ደሙን ስለሚከለክል ጫፉ ይሞታል። እንዲህ ያለውን ቆዳ በጥፍርም ሆነ በወረንጦ ከዐይኑ ላይ መላጥ አይገባም፤ እባቡ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።

ልኩም እንደዚህ ነው። የሣጥኑ አየር እርጥበት ከመቶ 30 እስከ 50 ይሁን። የሣጥኑ አንዱ ወገን ከ32 እስከ 35፥ ሁለተኛው ወገን ወደ 25 ሴንቲግሬድ ሙቀት ይኑረው። በወለሉም እባቡ ሊቀበርበት የሚበቃ ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ ይነጠፍ፤ እንደ ጥድ ያለ ሽታው የበረታ እንጨት ግን ሳንባውን ስለሚጎዳ አይሁን። ክዳኑ ነፋስ የሚያስገባ ወንፊት ይኑረው። የመጠጥ ውሃውም በትንሽ ሳሕን በቀዝቃዛው ወገን ይቀመጥ፤ በሙቀቱ አጠገብ ከሆነ ተንኖ ሣጥኑን ያረጥበዋል። የእባቡ ዐይን ደፍርሶ ሰማያዊ የመሰለ ጊዜ ቆዳውን ሊገፍፍ ቀርቧልና፥ መግቢያ ቀዳዳ ያላት ክዳናም ዕቃ፥ ርሶ የተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ ተደርጎባት ትግባለት፤ ቆዳውን ከጣለ በኋላ ትውጣ።

ይህ ሁሉ በግምት አይሠራም። ምስክር ሳይሰማ የፈረደ ዳኛ እንደሚሳሳት፥ መለኪያ የሌለው አሳዳጊም እንዲሁ ይሳሳታል። ዴ ሶሲዩር የተባለው የጄኔቭ ሊቅ የሰው ጠጕር በእርጥበት እንደሚረዝም ተመልክቶ፥ በጠጕር የሚሠራውን የእርጥበት መለኪያ በ1783 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ አስታወቀ፤ ዛሬ ግን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መለኪያ በቀላል ዋጋ ይገኛል። አየር ሲሞቅ የእርጥበቱ ልክ ይቀንሳል፥ ሲቀዘቅዝም ይጨምራልና በሁለቱ ወገን አንዳንድ መለኪያ አኑሮ ቀንም ሌሊትም መመልከት ይሻላል። በደጋ አገራችን በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለ ሆነ ነፋሱ ይብዛለት፤ በአውሮፓ ክረምት ግን ቤቱ ስለሚሞቅ አየሩ ይደርቃልና እርጥቧ ዕቃ አትራቅበት።

በመጨረሻ የምናሳስበው፥ ማንም ሰው እባብን ከዱር ይዞ ወደ ቤቱ እንዳያመጣ ነው፤ መርዛሙን መርዝ የሌለው መስሎት የሚሞት አለና። ይህም እባብ በ1973 ዓመት በዋሽንግተን በተፈረመው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ውስጥ የተቈጠረ ስለ ሆነ ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር ወደ አገር አይሻገርም። በሰው ቤት የተወለደውን ተቀብሎ የሚያሳድግ ግን፥ በሣጥን የተዘጋ እንስሳ ቢጠማ ወደ ውሃ፥ ቢረጥብ ወደ ፀሐይ ለመሄድ የማይችል መሆኑን ዘወትር ያስብ። የዚህ ፍጥረት ሕይወት በአሳዳጊው ትጋት ላይ የተጣለ አደራ ነው።