ብስክሌትን በኤሌክትሪክ ለማስኬድ፦ ሽቦ ከመቀጠሉ በፊትና በኋላ

ከሰቆጣ ወደ ደቡብ ተጉዞ ጋዝጊብላ የሚደርስ ሰው ሜዳው ጥቂት፣ ዳገቱ ብዙ የሆነ ምድር ያገኛል። በዚህ መሬት ብስክሌት ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው የመንገዱን ግማሽ ብስክሌቱን እየገፋ መሄዱ አይቀርም። ባሕር ዳር በብስክሌት የታወቀችው መሬቷ ለጥ ያለ በመሆኑ ነው፤ በዋግ ኽምራ ደጋ ግን የእግር ጉልበት ብቻውን አያዋጣም። አሮጌውን ብስክሌት ሳይጥሉ ሞተር፣ ባትሪና መቆጣጠሪያ ገጥሞ በኤሌክትሪክ የማስኬድ ዘዴ ትኩረት የሚስበውም ለዚህ ነው።

ጊዜውም ወደዚያው ይገፋል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ዋጋው በተደጋጋሚ ጨምሯል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑ በ2016 ዓ.ም ጥር ወር ይፋ ሆኗል፤ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ለረጅም ጊዜ በጨለማ ቆይቶ ለነበረው የዋግ ኽምራ ነዋሪ መብራት ማለት አምፖል ብቻ እንዳልሆነ መንገር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ያለ ጥንቃቄ የተገጠመ ሞተር ቁልቁለት ላይ ሰው ይጥላል፤ ያለ ጥንቃቄ የተቀጠለ ባትሪም ቤት ያቃጥላል።

የመለወጫው ዕቃ ውስብስብ አይደለም። ሞተሩ ብዙውን ጊዜ በጎማው ማእከል ውስጥ ተገጥሞ ይመጣል። መቆጣጠሪያው ከባትሪው የሚመጣውን ኃይል መጥኖ ለሞተሩ ያድላል። መሪው ላይ የፍጥነት መስጫ እጀታና ሲጨበጥ ሞተሩን የሚያቋርጥ የፍሬን እጀታ ይገጠማሉ። ባትሪው በአብዛኛው 36 ወይም 48 ቮልት ሲሆን፣ የሊትየም ባትሪ ሙሉ ሲሆን እንደ ቅደም ተከተሉ 42 እና 54.6 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ባትሪው፣ መቆጣጠሪያውና ቻርጀሩ አንድ ዓይነት ቮልት ካልተጻፈባቸው ግዢው እዚያው ላይ መቆም አለበት።

ከመግዛት በፊት መንገዱን ማስላት ይጠቅማል። 48 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 480 ዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ጭነቱ በአንድነት 110 ኪሎ ግራም ቢሆኑና መንገዱ ከፍታው 500 ሜትር የሆነ ዳገት ቢኖረው፣ ለመውጣቱ ብቻ 150 ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። በሞተሩና በሽቦው በሙቀት የሚባክነው ሲጨመር ከ200 ያልፋል። በሜዳ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ የተሸጠ ባትሪ በደጋው ሁለት እንዲህ ያለ ዳገት ካስወጣ በኋላ ቢደክም ሻጩ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ መንገዱ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጅ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም። ነገር ግን ረጅም ዳገት በዝግታ ሲወጣ እጅግ ይግላልና በፔዳል ማገዝና መሃል ላይ ማሳረፍ ግድ ነው።

የብስክሌቱ አካል ከሽቦው ይቀድማል። ሞተሩ ሲዞር ፔርኖውን ወደ ኋላ ለመጠምዘዝ ይገፋል። ዳዶው ከላላ ፔርኖው ተሽከርክሮ ሽቦውን ይበጥሳል፤ ከፊት ጎማ ከሆነ ደግሞ ጎማው ከፎርኬላው ወጥቶ ነጂውን በአፍጢሙ ይደፋዋል። ስለዚህ ፔርኖውን ይዞ ከብስክሌቱ አካል ጋር በቡሎን የሚታሰር ጠንካራ የብረት ክንድ መግጠም ያስፈልጋል። የአሉሚኒየም ፎርኬላ በዚህ ግፊት ሳይታጠፍ በድንገት ሊሰበር ስለሚችል ሞተር ያለው ጎማ አይታሰርበትም። ጠጠር በበዛበት ዳገት የፊት ጎማ በቀላሉ ስለሚንሸራተት ለዚህ አገር የኋላው ይመረጣል። የላሉ ራጂዎችና ያለቀ የፍሬን ላስቲክም በዚሁ ጊዜ ይታያሉ፤ ብስክሌቱ በባትሪና በሞተር ከብዷል፣ ቁልቁለቱ ግን አልቀነሰም።

ወደ ሽቦው ሲመጣ የመጀመሪያው ሕግ ባትሪው መጨረሻ ይገናኛል፣ መጀመሪያ ይለያያል የሚለው ነው። ሥራው ሲጀመር የጣት ቀለበትና የብረት ሰዓት ይወልቃሉ፤ የባትሪውን ሁለት ጫፎች በአንድ ጊዜ የነካ ቀለበት በቅጽበት ግሎ ጣት ያቃጥላል። ቀይና ጥቁር ሽቦ በቀለሙ ብቻ አይታመንም፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በቴስተር ይረጋገጣል። የተገላበጠ ግንኙነት መቆጣጠሪያውን ወዲያውኑ ሊያቃጥለው ይችላል።

ፊውዙ በፖዘቲቭ ሽቦው ላይ በተቻለ መጠን ለባትሪው ቀርቦ ይቀመጣል፤ ከፊውዙ በፊት ያለ ሽቦ ጠባቂ የለውምና። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የተለመደው የመኪና ፊውዝ ለ32 ቮልት የተሠራ ነው። 48 ቮልት ላይ ቢቃጠል እንኳ ብልጭታው ክፍተቱን ዘሎ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ከባትሪው ሙሉ ቮልት በላይ የተጻፈበት፣ ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሆን ፊውዝ ያስፈልጋል። መቆጣጠሪያው 20 አምፔር የሚስብ ከሆነ ባለ 25 አምፔር ፊውዝና 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይስማማሉ። ለቤት የሚዘረጋው ባለ አንድ ክር ደረቅ ሽቦ በብስክሌት ላይ በንዝረት ይሰበራልና ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ለስላሳ ሽቦ ይወሰዳል። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል መቀጠል አይባልም፤ በስታኞ የተበየደ ወይም በተገቢው ማያያዣ የተጨመቀ መሆን አለበት።

ከሞተሩ ሦስት ወፍራምና አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ። ሞተሩና መቆጣጠሪያው ከተለያየ ፋብሪካ ከመጡ ቀለማቸው ላይገጥም ይችላል። ሞተሩ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢጮህ ወይም ወደ ኋላ ቢዞር እጀታውን ይበልጥ መስጠት ማቃጠል ነው፤ አቁሞ ቅደም ተከተሉን መፈተሽ ይገባል። ሽቦው ከፔርኖው በሚወጣበት ቦታ ወደ ታች ትንሽ ረገብ ብሎ ይታሰራል፤ የክረምት ዝናብ ሽቦውን ተከትሎ ሞተሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እዚያው ይንጠባጠባል። መሪው ሙሉ በሙሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር የሚወጠር ሽቦ መኖር የለበትም።

ቻርጅ ማድረጉ ከሁሉም ይልቅ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የሊትየም ባትሪ ሲጎዳ ከራሱ በሚነሣ ሙቀት ስለሚቀጣጠል አፈር በትኖ ማጥፋት አይበቃም፤ ጭሱም መርዛማ ነው። በሣር ክዳን ቤት፣ ጭድና ኩበት በተከመረበት ወይም ሰው በተኛበት ክፍል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በመውጫ በር አጠገብ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም። ተመራጩ ቀን፣ ሰው ነቅቶ ባለበት፣ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ጥላ ባለበት ስፍራ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያደረ ባትሪም እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ የሊትየም ባትሪን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ውስጡን ይጎዳዋል። መብራት ሲቋረጥ ቻርጀሩን ከሶኬቱ መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ቆይቶ መሰካት ይገባል። ያበጠ፣ የወደቀ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ ከቤት ውጭ ይቀመጣል እንጂ አይሞከርም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተለቀሙ ሕዋሳትን ገጣጥሞ ባትሪ መሥራት ርካሽ ይመስላል፤ መጠበቂያ ሰሌዳ ከሌለው ግን አንዱ ሕዋስ ከመጠን በላይ መሞላቱን የሚያይለት የለም።

የሶላር ሰሌዳ ያላቸው አርሶ አደሮች በቀጥታ ከባትሪው ጋር እንዳያገናኙት፤ ለባትሪው ዓይነትና ቮልት የተዘጋጀ የሶላር መቆጣጠሪያ መሃል መግባት አለበት።

የመጀመሪያው ሙከራ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ይደረጋል። እጀታው በጥቂቱ ተሰጥቶ ጎማው ሲዞር ፍሬኑ ይጨበጣል፤ ሞተሩ ወዲያው ካላቋረጠ ብስክሌቱ መንገድ አይወጣም። ቀጥሎ በሜዳ ጥቂት መቶ ሜትር ተነድቶ ይቆምና ማያያዣዎቹ በጥንቃቄ በእጅ ይዳሰሳሉ፤ ከሌላው ይልቅ የጋለው መጋጠሚያ የላላው ነው። የፔርኖው ዳዶዎች ከመጀመሪያው ቀን ጉዞ በኋላ፣ እንደገናም ከሳምንት በኋላ በኪያቤ ይጠበቃሉ።