ብቅልን የሚያዘው ሙቀት ነው

ገብስ ዘርተን፣ አርመን፣ አጭደንና ወቅተን ጎተራ እስክናስገባው ድረስ ብዙ እንደክማለን። ከዚህ እህል ላይ ተቀንሶ ብቅል ይዘጋጃል። ታዲያ የተጠመቀው መጠጥ ሳይጣፍጥ ሲቀር «እድል የለንም» እንላለን፤ ወይም ጠማቂዋን እንወቅሳለን። ነገር ግን ብቅልን ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ያለ ልክ የሆነ ሙቀት ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን እስቲ እንመልከት።

ብቅል ማለት ውሃ ጠጥቶ የጎነቆለ፣ ከዚያም የደረቀ እህል ነው። በገብስ ፍሬ ውስጥ ስታርች የሚባል ዱቄት አለ። ይህ ዱቄት ለሚበቅለው ቡቃያ የተቀመጠ ስንቅ ነው። ፍሬው ሲጎነቁል ኢንዛይም የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ። ሥራቸው ስታርቹን እየቆራረጡ ወደ ስኳር መለወጥ ነው። ጥሬ ገብስ ብናኝክ አይጣፍጥም፤ ብቅል ብናኝክ ግን ጣፈጥ የሚለው ለዚህ ነው። እርሾ ስኳርን እንጂ ስታርችን መብላት አይችልም። ስለዚህ ኢንዛይሙ ካልሠራ እርሾው ይራባል፤ መጠጡም አይፈላም። ይህን የብቅል ኃይል ከብቅል ለይተው ያወጡት ፓየንና ፐርሶ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት ናቸው። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1833 ነበር።

ኢንዛይም ሙቀት ሲያንሰው እንደ ሰነፍ በሬ ቀስ ብሎ ይሠራል። ሙቀቱ ሲስማማው ይፈጥናል። ሙቀቱ ሲበዛበት ግን ይወድቃል። በሬ ደክሞት ቢተኛ ነገ ይነሣል፤ የተቃጠለ ኢንዛይም ግን ቢቀዘቅዝም አይመለስም።

ቢራ ጠማቂዎች የሚጠብቁት ልክ ይህ ነው። ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን እርሾ የሚወደው ስኳር ይበዛል፤ ቢራውም ቀጭንና ጠንካራ ይሆናል። ከ68 እስከ 72 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ እርሾ የማይበላው ስኳር ይተርፋል፤ ቢራው ወፍራምና ጣፈጥ ያለ ይሆናል። ከ77 ዲግሪ በላይ ሲያልፍ ኢንዛይሙ ይበላሻል። እንግዲህ በጥቂት ዲግሪ ብቻ መጠጡ ሌላ ይሆናል። ይህን ያህል ልዩነት ጣት በመንከር መለየት አይቻልም።

ብቅልና ውሃ የተቀላቀለበትን ድስት እሳት ላይ ብንጥደው ሥሩ ያርራል፤ ላዩ ግን ገና ለብ እንዳለ ነው። ታዲያ ምን ይሻላል? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ሕግ ለቤት የሚሆን ቢራ መጥመቅን ከፈቀደ ወዲህ ብዙ ሰዎች በየቤታቸው ይጠምቃሉ። ከእነርሱም መካከል ጭማቂውን እያዞረ ሙቀቱን የሚጠብቅ መሣሪያ በገዛ እጃቸው የሚሠሩ አሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ሁለት ትልልቅ ድስቶች ይዘጋጃሉ። በአንደኛው ሥር ቧንቧ ይገጠማል፤ ከቧንቧው በላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ብረት ይነጠፋል። ብቅሉ በዚህ ብረት ላይ ያርፋል።

ሁለተኛ፣ በሌላው ድስት ውስጥ ውሃ ይሞላል። በውሃው ውስጥ የተጠማዘዘ የመዳብ ወይም የማይዝግ ብረት ቱቦ ይቀመጣል። ውሃውን የሚያሞቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ነው።

ሦስተኛ፣ ሙቀት የሚችል ትንሽ ፓምፕ ከብቅሉ ድስት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ፓምፑ ጭማቂውን ከድስቱ ሥር ስቦ በተጠማዘዘው ቱቦ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ከዚያም በብቅሉ አናት ላይ መልሶ ያፈሰዋል። ጭማቂው በሙቅ ውሃው ውስጥ ሲያልፍ ይሞቃል፤ እሳት ግን ስለማይነካው አያርም።

አራተኛ፣ ጭማቂው ከቱቦው በሚወጣበት ቦታ የሙቀት መለኪያ ይገባል። መለኪያው ከተቆጣጣሪ ጋር ይያያዛል። ሙቀቱ ሲወርድ ተቆጣጣሪው ማሞቂያውን ያበራል፤ ሲደርስ ያጠፋዋል። ይህ እናት ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ እንጨቱን ስትገፋና ስትስብ እንደምትውለው ያለ ነው።

ለምሳሌ 5 ኪሎ የተከካ ብቅል በ15 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ውሃው 72 ዲግሪ ከሆነ፣ ቀዝቃዛው ብቅል ሲገባበት ወደ 66 ዲግሪ ይወርዳል። ከዚያ ፓምፑ ለ1 ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል። ቢቸኩል ብቅሉ እንደ ጭቃ ተጠቅጥቆ ይደፈናል። ቀስ ሲል ግን ብቅሉ ራሱ ማጥለያ ይሆናል፤ ጭማቂውም እየጠራ ይሄዳል።

ስታርቹ ማለቁ በምን ይታወቃል? ጥቂት ጭማቂ በነጭ ሳህን ላይ ጠብ አድርገን ቁስል ላይ የሚቀባውን አዮዲን እንጨምርበታለን። ቢጠቁር ወይም ሰማያዊ ቢሆን ስታርች ገና አለ ማለት ነው። የተፈተነው ይደፋል እንጂ ወደ ድስቱ አይመለስም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እናስጠነቅቃለን። ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ሰው ይገድላሉ። ስለዚህ ሽቦውን ሙያ ያለው ሰው ይዘርጋው። ብረቱ ሁሉ ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ መሣሪያም ይገጠም። ማሞቂያው ውሃ በሌለበት አይብራ። በእርጥብ እጅ አይነካ። ቢራ ቢበላሽ ይደፋል፤ ሰው ቢሞት አይተካም።

ለጠላችን ፓምፕም ተቆጣጣሪም አያስፈልገንም። የብቅሉ ሕግ ግን አንድ ነው። እናቶቻችን እንኩሮው ሳይበርድ ከጥንስሱ ጋር አይቀላቀልም የሚሉት በከንቱ አይደለም። ትኩሱ እንኩሮ ብቅሉን ያበላሻል፤ እርሾውንም ይገድላል። እነርሱ በልማድ ያወቁትን እኛ ምክንያቱን ጨምረን እንወቅ። ሙቀቱን የጠበቀ ሰው የዓመት ድካሙን ጠበቀ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጥሬ ገብስ ሳይጣፍጥ ብቅል የሚጣፍጠው ለምንድን ነው?
2. ፓምፑ ቢቸኩል ምን ይሆናል?
3. በአካባቢያችን እንኩሮው መብረዱ የሚታወቀው በምንድን ነው?