እስረኛን መጠየቅ

ሾርባው ሲንተከተክ፣ ሳምቡሳው ሲጠበስ፣ ልጆች ቴምሩን ከበው የመግሪብ አዛን ሲጠባበቁ ረመዳን ቤቱን ይሞላዋል። በዚያች ሰዓት ግን አንድ ሰው የጎደለባቸው ማዕዶችም አሉ። አባት፣ ወንድም ወይም ልጅ የታሰረበት ቤተሰብ ከመጉረሱ በፊት በሐሳቡ ወደ እስር ቤቱ ይሄዳል። ማፍጠሪያ ደርሶት ይሆን? የሚሰግድበት ቦታ አለው? ቁርኣኑስ አብሮት ነው?

በቋንቋችን እስረኛን መጎብኘትም፣ ስለ እስረኛው ማጣራትም አንድ ቃል ነው፤ «መጠየቅ» እንላለን። ቤተሰብ ስንቅ ይዞ ይጠይቃል። የቤተሰብ እግር በማይደርስበት ቦታ ደግሞ ማን ይጠይቃል? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የእስረኞችን አያያዝ የሚመለከቱ ደንቦችን አሻሽሎ አጽድቋል። ደንቦቹ 27 ዓመት በእስር ባሳለፉት በኔልሰን ማንዴላ ስም ይጠራሉ። እስረኛ የሃይማኖቱን አስተማሪ ማግኘት፣ በሃይማኖቱ ሥርዓት መካፈልና የሃይማኖቱን መጽሐፍ ይዞ መቆየት እንዳለበት ይደነግጋሉ። ነገር ግን ደንብ በወረቀት ላይ ስለተጻፈ ብቻ አይከበርም። መከበሩን ገብቶ የሚያይ ሰው ይፈልጋል።

ለዚህ የጓንታናሞ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። አሜሪካ ኩባ ውስጥ ባለው የጦር ሰፈሯ በጥር 2002 እስር ቤቱን ስትከፍት የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ተወካዮች በአንድ ሳምንት ውስጥ እዚያ ደረሱ። በእስር ቤቱ በጠቅላላው 780 ያህል ሙስሊሞች ተይዘዋል። ቀይ መስቀል በየትም አገር እስረኛ ሲጎበኝ የሚያቀርባቸው ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። እስረኞችን ሁሉ ማየት፣ ጠባቂ በሌለበት ለብቻቸው ማነጋገር፣ ስማቸውን መመዝገብና ደጋግሞ መመለስ ናቸው። በምላሹ ያየውን ለአደባባይ አያወጣም፤ ለአሳሪው መንግሥት በምስጢር ይነግራል።

እስረኞቹ ካቀረቧቸው አቤቱታዎች አንዱ ጠባቂዎች ቁርኣንን ያለክብር ይይዙታል የሚል ነበር። ተወካዮቹ ጉዳዩን ለአሜሪካ ባለሥልጣናት አቀረቡ። በጥር 2003 የጦር ሰፈሩ በጽሑፍ መመሪያ አወጣ። ቁርኣን በንጹሕ ጓንትና በሁለት እጅ እንዲያዝ፣ ወለል ላይ ወይም መጸዳጃ አጠገብ እንዳይቀመጥ አዘዘ። ጥፋቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ጦሩ ራሱ ባደረገው ምርመራ ቁርኣን ያለአግባብ የተያዘባቸው 5 አጋጣሚዎች መኖራቸውን በ2005 አምኗል። ሆኖም አቤቱታው ከእስር ክፍሉ ወጥቶ ለጠባቂው የሚነበብ ትእዛዝ ሆኖ የተመለሰው ጠያቂ ስለነበረ ነው።

ጠያቂ በሌለበት ምን እንደሚደርስ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ቢንያም መሐመድ ያውቀዋል። በ2002 ፓኪስታን ውስጥ ተይዞ፣ ጓንታናሞ ከመግባቱ በፊት ቀይ መስቀል በማይደርስባቸው ስውር ማቆያዎች ቆይቷል። በ2009 ያለ ፍርድ ተለቆ ወደ ሚኖርበት እንግሊዝ ተመለሰ። በፓኪስታን እያለ የተፈጸመበት ቢያንስ ጭካኔ የተሞላበትና ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ አያያዝ እንደነበር በ2010 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፋ ሆኗል።

የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ከቀይ መስቀል የሚለዩት ያዩትን በይፋ በመናገራቸው ነው። የሃይማኖት ነጻነት ልዩ ራፖርተሯ የነበሩት አስማ ጃሃንጊር ያሉበት 5 ባለሙያዎች ጓንታናሞን ለማየት ጠይቀው ነበር። እስረኞችን ለብቻቸው ማነጋገር ሲከለከሉ ጉብኝቱን ተዉት። የለቀቁ እስረኞችን አነጋግረው በ2006 ባወጡት ሪፖርት እስር ቤቱ እንዲዘጋ ጠየቁ። እስረኛ ጠባቂው እየሰማ እውነቱን አይናገርም፤ ስለዚህ ለይስሙላ ገብቶ ከመውጣት አለመግባቱን መረጡ።

በ2013 የረመዳን ወር ሲገባ ብዙ እስረኞች የረሃብ አድማ ላይ ነበሩ። በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ በግድ ይመገቡ የነበሩት እስረኞች ጾማቸው እንዳይፈርስ ምግቡ ከመግሪብ በኋላ እንደሚሰጥ ባለሥልጣናቱ ተናገሩ። ሰዓቱ ለጾሙ ሲባል ተስተካከለ፤ በግድ መመገቡ ግን ቀጠለ። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተር እስር ቤቱን ገብታ ለማየት የበቃችው ገና በ2023 ነው። ፊኑዋላ ኒ ኢላን እስረኞቹን አነጋግራ ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብዓዊና አዋራጅ አያያዝ አሁንም መቀጠሉን በሪፖርቷ አስታውቃለች። በ2025 መጀመሪያ በእስር ቤቱ የቀሩት 15 ሰዎች ነበሩ።

ጠያቂ የእስር ቤቱ ቁልፍ የለውም። መንግሥት እንቢ ካለ አስገድዶ መግባት አይችልም። ሆኖም ስም ይመዘግባል፤ የተመዘገበ ሰው ደግሞ በቀላሉ ደብዛው አይጠፋም። ደብዳቤም ያመላልሳል። ከ2008 ጀምሮ ቀይ መስቀል የጓንታናሞ እስረኞችን ከቤተሰባቸው ጋር በስልክ፣ ቀጥሎም በቪዲዮ አገናኝቷል። ዓመታት ድምፁን ላልሰማች እናት ይህ ዒድ ነው።

ለእኛም ይህ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘትና በእነርሱ የመጎብኘት መብት ይሰጠዋል። ዘመዳቸው በአገር ውስጥ ወይም በስደት መንገድ ላይ ተይዞ የት እንዳለ የጠፋባቸው ቤተሰቦች የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን የቤተሰብ ማፈላለግ አገልግሎት መጠየቅ ይችላሉ።

ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በሐሰት ተከሰው እስር ቤት ዓመታት ቆይተዋል። አላህ በቁርኣኑ መመገባቸውን ካነሳቸው ሰዎች መካከል ከድሃና ከየቲም ቀጥሎ ምርኮኛ አለ። ዛሬ ማታ ከማፍጠራችን በፊት በምናደርገው ዱዓ የታሰሩትን አንርሳ። ነገ ደግሞ ስንቅ ይዘን እንሂድ፤ እንዴት አደራችሁ ብለን እንጠይቃቸው።

ረመዳን ሙባረክ።