«ለዋጋ በውስጥ መስመር»

አቃቂ ላይ በስልክ የማይነገድበት ግቢ ማግኘት እየከበደ ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም ያለችው አንሶላ፣ ቱሉ ዲምቱ ያለው ያገለገለ ስልክ፣ ሌላዋ ሽሮና በርበሬ በቴሌግራም ቻናል ታወጣለች። የሱቅ ኪራይ የለም። ክፍያውም ቢሆን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ቀሏል። የሚያስቸግረው ማስታወቂያው ነው። ጎረቤቶቼ ጽሑፍ እንደምወድ ስለሚያውቁ «እስቲ ይቺን አስተካክልልኝ» እያሉ ስልካቸውን ያቀብሉኛል።

የሚያቀብሉኝ ጽሑፍ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ሰላም ውድ ቤተሰቦቻችን! ጥራቱን የጠበቀ ምርጥ ዕቃ በተመጣጣኝ ዋጋ! ይፍጠኑ! ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን!» የምን ዕቃ እንደሆነ ገባዎት? ለጫማም፣ ለማርም፣ ለምጣድም ይሆናል። የቃሊቲ ታክሲ ረዳት «ምቹ፣ ፈጣን፣ አስተማማኝ!» ብሎ ሲጣራ ሰምተን አናውቅም። «ሳሪስ፣ ሳሪስ፣ ስታዲየም!» ይላል፤ ስታዲየም የሚሄደው ሰው ዞር ይላል።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ በርበሬ ያዘጋጃሉ። ልጃቸው ቻናል ከፈተችላቸው። ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር ባለችው የዓይን ምልክት ስንት ሰው እንዳየው ይታያልና፣ የሚያየው ብዙ፣ የሚገዛው ግን ጥቂት መሆኑ አሳሰባቸው።

«እትዬ፣ ዋጋው የታለ?» አልኳቸው።

«ዋጋውን ከጻፍኩትማ ሰው ደንግጦ ይሄዳል።»

«ሳይጽፉትስ መጣ?»

ዝም አሉ። ሻጭ ዋጋ የሚደብቀው ተፎካካሪ እንዳያይበት፣ ወይም ገዢውን እንደ አመጣጡ ለማነጋገር ነው። ገዢው ግን ይህን ያውቃል። «ፊቴን አይቶ ሊጠራብኝ ነው» ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ጠይቆ ሳይገዛ መቅረት ይከብደዋል። ዋጋው ተጽፎ የሚደነግጠው ሰው መጀመሪያውኑም ገዢ አልነበረም።

ከዚያ «ምርጥ» የምትለዋን ቃል አወጣንና እንዴት እንደሚያዘጋጁት እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። ያኔ አንደበታቸው ተፈታ። ዛላው አንድ በአንድ ዘንጉ ይቀነጠሳል፣ ነጣ ያለው ተለይቶ ይጣላል፣ ይታጠባል፣ ሸራ ላይ ይሰጣል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው ሁሉ የየራሱ ተራ አለው። ወፍጮ ቤት ሲሄዱም ሰው አይልኩም፤ ራሳቸው ቆመው ያስፈጫሉ። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ይገባል እየተባለ በሚወራበት ከተማ፣ «ወፍጮ ቤት ራሴ ቆሜ ነው የማስፈጨው» ከማለት የበለጠ ምን ማስታወቂያ አለ? እንግሊዛዊው የማስታወቂያ ሰው ዴቪድ ኦግልቪም እ.ኤ.አ. በ1958 ሮልስ ሮይስን ሲያስተዋውቅ «ጸጥተኛ መኪና» ብሎ አላለፈም፤ በፍጥነት ሲነዳ ጎልቶ የሚሰማው የውስጡ ሰዓት ድምፅ መሆኑን ጻፈ።

«የማረቆ ነው ልበል?» አሉኝ።

«ነው እንዴ?»

«ነጋዴው እንደዚያ ነው ያለኝ።»

ተውነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ግን አዋጁ ባይኖርም የማረቆን በርበሬ የሚያውቅ ገዢ አንዴ ከቀመሰ አይመለስም። «የመጨረሻ ሁለት ኪሎ ብቻ ቀረ!» የሚለውንም እንዲሁ። ግማሽ ባዶ ታክሲ ላይ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እየተባልን ያደግን ሰዎች ይህን የምናምን አይመስለኝም።

የተከራከርነው በአድራሻው ነው። ብዙ የአቃቂ ሻጮች «አዲስ አበባ» ብለው ያልፋሉ፤ አያትና ሲኤምሲ ያለው ሰው «ሩቅ ነው» ብሎ እንዳይሸሽ። እኔ አልስማማም። ለገላን፣ ለዱከምና ለቢሾፍቱ ሰው አቃቂ ቅርብ ነው፤ ከፒያሳ ሻጭ ይልቅ እኛን ይመርጣል። ለአያቱ ሰው ደግሞ የማድረሻው ሒሳብ ቀድሞ ይጻፍለት። ዕቃውን ከተስማማ በኋላ «የሞተር ለብቻ ነው» ሲባል ነው የሚናደደው።

በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦ «የወጥ በርበሬ፣ ኪሎው 900 ብር፣ ግማሽ ኪሎም አለ። ዘንጉ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ራሴ ቆሜ ያስፈጨሁት። አቃቂ መጥተው ቀምሰው መውሰድ ይችላሉ። ቃሊቲ ድረስ በነፃ እናደርሳለን፤ ከዚያ ወዲያ የሞተሩን ሒሳብ ገዢው ይችላል።» ሥሩ ስልክ ቁጥር። ፎቶውን ልጃቸው በረንዳ ላይ በጠዋት ብርሃን አነሳችው፤ ከኢንተርኔት የተወረደውን ቀይ ክምር አጠፋነው። ቪዲዮ አላስፈለገም፤ ዳታ የሚቆጥብ ሰው አይከፍተውም።

ጊዜም አለው። ለፋሲካ ዶሮ የሚሆን በርበሬ በዋዜማው አይገዛም፤ ባለሙያዋ ቀደም ብላ ታስገባለች፣ ስለዚህ ማስታወቂያው ጾሙ ሳይጋመስ መውጣት አለበት። ሲያልቅ ደግሞ ያንኑ ፖስት ከፍቶ «አልቋል፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ይደርሳል» ብሎ ማረም ነው። ይህን የሚያደርግ ሻጭ ብዙ አላየሁም፤ አሥር ሰው በከንቱ ደውሎ ሲናደድ ግን አይቻለሁ።

እትዬ በአንድ ነገር አልተረቱልኝም። ሰው ቤት ያለ ሰላምታ አይገባም ብለው ከላይ «ጤና ይስጥልኝ» አስጽፈውኛል። ቦታ ይፈጃል ብያቸው ነበር።